የሞተር ሳይክል ማርሚታ ሲለወጥ የነዳጁ ልክም መለወጥ አለበትን?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ መቂ ከተማ ይደርሳል። መቂ በምሥራቅ ሸዋ የዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ስሟን የምትጋራው ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚፈስበት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ በመስኖ በሚመረቱት ቲማቲምና ሽንኩርት የምትታወቅ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ከእርሻው ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው ሰውና ዕቃ ከሚያመላልሱት አንዱ ሞተር ሳይክል ነው። አንዳንዱን ሞተር ሳይክል ደግሞ ገና ሳናየው በድምፁ እንለየዋለን፤ ባለቤቱ ፋብሪካው የገጠመለትን ማርሚታ አውልቆ አጭርና ክፍት የሆነ ሌላ ማርሚታ አስገጥሞለታልና።

እንዲህ ያለ ለውጥ በተደረገ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። ባለ ኢንጀክሽን ሞተር የያዘው ወጣት «የሞተሩ ኮምፒዩተር እንደገና ካልተስተካከለ ፒስተኑ ይበሳል ይባላል፤ እውነት ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ባለ ካርቡሬተር ሞተር የያዘው ደግሞ «ማርሚታ የለወጠ ሰው ትልቅ ጄት ማስገባት አለበት» የሚል ምክር ከጓደኞቹ ሰምቷል። ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ዕለታዊ እንጀራው በሞተር ሳይክሉ ላይ ለተመሠረተ ሰው የተበሳ ፒስተን ማለት ለሳምንታት የተቋረጠ ገቢ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ለማያስፈልግ ማስተካከያ የሚከፈል ገንዘብ ከቤተሰብ ጉሮሮ የሚነጠቅ ነው። ስለዚህ መልሱን ከወሬ ሳይሆን ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ እንፈልገው። እግረ መንገዳችንንም መቂ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ያህል ከፍ ብላ መገኘቷ በመልሱ ውስጥ ከማርሚታው የበለጠ ድርሻ እንዳለው እንመለከታለን።

የሚተነፍስ ማሽን

የቤንዚን ሞተር በመሠረቱ አየር የሚስብና የሚያስወጣ ፓምፕ ነው። የሚያቃጥለው ነዳጅ መጠን የሚወሰነው በሚስበው አየር፣ በትክክል ለመናገር በአየሩ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። ቤንዚን አንድ ውህድ ሳይሆን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ለስሌት እንዲያመቸን ግን ከእነዚህ አንዱን፣ ኦክቴንን እንውሰድ። 2 ሞለኪውል ኦክቴን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 25 ሞለኪውል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ውጤቱም 16 ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 18 ሞለኪውል ውሃ ነው። ከአየር ክብደት ውስጥ ኦክስጅን 23 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚይዝ አስበን ብናሰላ፣ 1 ግራም ኦክቴን 15.1 ግራም አየር ይሻል። ለተራው ቤንዚን ይህ ቁጥር 14.7 ገደማ ነው።

14.7 ትንሽ ቁጥር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና 1 ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ለመቃጠል 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ አየር በመቂ የቀትር ሙቀት 11 ሜትር ኩብ ያህል፣ ማለትም አንድ አነስተኛ ክፍል የሚሞላ ነው። በአንድ የውሃ ፕላስቲክ የተያዘ ቤንዚን አንድ ክፍል አየር ይበላል!

አየሩ ከሚገባው በላይ ሲሆን ድብልቁ «ሳስቷል» እንላለን፤ ነዳጁ ሲበዛ ደግሞ «ወፍሯል»። ሁለቱም የየራሳቸው ቅጣት አላቸው። የወፈረ ድብልቅ ነዳጅ ያባክናል፣ ካንዴላውን በጥቀርሻ ያጠቁራል፣ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። እጅግ የሳሳ ድብልቅ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚነድ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ በሚከፈትበት ጊዜ እሳቱ ገና አልበረደም፤ ቫልቩም ይለበለባል። በተጨማሪም ትርፍ ነዳጅ በሚተንበት ጊዜ ይሰጥ የነበረው ቅዝቃዜ ስለሚቀር፣ ሞተሩ ጭነት ተሸክሞ ለረዥም ጊዜ ሲሮጥ ፒስተኑ ለአደጋ ይጋለጣል። በዚህ ምክንያት ሞተር ሠሪዎች ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ በሚከፈትበት ጊዜ ድብልቁን ሆን ብለው ወደ 13 አካባቢ ያወፍሩታል።

ማርሚታ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ማርሚታ ድምፅ ከመቀነስ ያለፈ ሥራ ያለው አይመስለውም። እውነቱን ለመረዳት አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር የጭስ ማስወጫው ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር የታመቀው ጋዝ ወደ ቱቦው ይፈነዳል፤ የግፊት ሞገድም በቱቦው ውስጥ ይገሰግሳል። ጋዙ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ትኩሳት ካለው፣ የሞገዱ ፍጥነት በሰከንድ 570 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሞገዱ ቱቦው ወደሚሰፋበት ስፍራ ሲደርስ ከፊሉ ይንጸባረቃል። ሲመለስ ግን ጠባዩን ለውጦ ነው፤ የግፊት ሞገድ ሆኖ የሄደው የመምጠጥ ሞገድ ሆኖ ይመለሳል። ከቫልቩ እስከ ማርሚታው አፍ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 1.6 ሜትር ነውና 2.8 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በ6,000 ዙር በዚህ ጊዜ ውስጥ ክራንኩ 101 ዲግሪ ይዞራል፤ በ3,000 ዙር ግን 50 ዲግሪ ብቻ። ስለዚህ ያው ቱቦ በአንዱ ፍጥነት ሞገዱን የሚመልሰው ለሲሊንደሩ በሚመች ሰዓት፣ በሌላው ፍጥነት በማይመች ሰዓት ነው። የመምጠጥ ሞገዱ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ ሁለቱም በጥቂቱ ተከፍተው በሚገኙበት ቅጽበት ከደረሰ፣ የተረፈውን ጭስ ጠርጎ አዲስ አየር ይስባል። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ጣቱን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሲያዛውር የአየሩን ዓምድ ርዝመት እንደሚለውጥና ድምፁም አብሮ እንደሚለወጥ፣ የጭስ ቱቦ ርዝመትና ቅርጽ ሲለወጥም ሞተሩ የሚስማማው የፍጥነት ክልል ይለወጣል።

«ሞተር የኋላ ግፊት ካላገኘ ጉልበት ያጣል» የሚለው የተለመደ አባባል የሚመነጨው ከዚህ ነው። አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። የጭስ መታፈን ለሞተር በራሱ ጥቅም የለውም። ክፍት ማርሚታ የተገጠመለት ሞተር በዝቅተኛ ዙር ሲደክም የሚታየው፣ የታፈነው ስለተከፈተ ሳይሆን ሞገዱ የሚመለስበት ሰዓት ስለተዛባ ነው።

እንግዲህ ማርሚታ ሲለወጥ ሞተሩ የሚስበው አየር በአንዳንድ ፍጥነቶች ይጨምራል፣ በአንዳንዶቹም ይቀንሳል። በአነስተኛ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ማርሚታው ብቻ ሲለወጥ ልዩነቱ በአብዛኛው ከጥቂት በመቶ አያልፍም። ዋናው ጥያቄ ስለዚህ «ስንት ፈረስ ጉልበት ተጨመረ?» የሚለው አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ይህን የአየር ለውጥ ነዳጅ የሚመጥነው ክፍል ያውቀዋልን?» የሚል ነው። መልሱም ሞተሩ ካርቡሬተር ያለው ወይስ ኢንጀክሽን ያለው እንደመሆኑ ይለያያል።

ካርቡሬተር፦ አየሩን የሚከተል፣ ከፍታውን የማያውቅ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የሚታዩት ከሕንድና ከቻይና የመጡ ከ100 እስከ 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆኑ ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው ባለ ካርቡሬተር ናቸው። በመቂ ማሳዎች ዳር ውሃ የሚስቡት ትናንሽ የቤንዚን ፓምፖችም እንዲሁ። የካርቡሬተር መሠረቱ ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ያሳተመው ሕግና ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ እ.ኤ.አ. በ1797 ያቀረበው ጥናት ነው። አየር በጠባብ አንገት ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ዝቅ ያለው ግፊትም ቤንዚኑን ጄት በሚባለው የናስ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይስበዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ብዙ አየር ባለፈ ቁጥር መሳቡም ስለሚበረታ ቤንዚኑ አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ማርሚታው የአየሩን መጠን በጥቂት በመቶ ቢያሳድግ፣ ካርቡሬተሩ በአመዛኙ ራሱ ይከተለዋል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የሞገዱ ምት በአንገቱ ውስጥ ያለውን ፍሰት በመጠኑ ያዛባዋልና። ነገር ግን «ማርሚታ ተለወጠ፤ ስለዚህ ጄት ይለወጥ» የሚለው ሕግ በተፈጥሮ የተጻፈ ሕግ አይደለም። ድብልቁን በእጅጉ የሚያሳሳው የአየር ማጣሪያውን ወይም ሳጥኑን ማውለቅ ነው፤ ማጣሪያው የሚፈጥረው ተጨማሪ መሳብ በአንድ ጊዜ ስለሚጠፋ ነው። በበጋ አቧራማ በሆነው የመቂ ዙሪያ መንገድ ላይ ማጣሪያ ማውለቅ ደግሞ ሲሊንደሩን በአሸዋ ከመፈግፈግ አይለይም።

ካርቡሬተር የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአየሩን እፍጋት ነው። ከቀመሩ እንደምንረዳው የአየሩ ፍሰት በአየሩ እፍጋት ካሬ ሥር ይለወጣል፤ የቤንዚኑ እፍጋት ግን ባሕር ዳርቻም ሆነ ተራራ ላይ ያው ነው። በመሆኑም ወደ ከፍታ በወጣን ቁጥር ያው ካርቡሬተር ያወፍራል፤ የአየርና የቤንዚን ጥምርታውም በእፍጋቱ ካሬ ሥር ልክ ይቀንሳል።

ለምሳሌ በባሕር ወለል ላይ በትክክል 14.7 የሚሰጥ ካርቡሬተር እንውሰድና፣ ሙቀቱ አንድ ዓይነት ነው ብለን ከቦታ ወደ ቦታ እናዛውረው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። 950 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት መተሐራ ግፊቱ ወደ 90 ይወርዳል፤ ጥምርታውም 13.9 ይሆናል። መቂ ላይ ግፊቱ 83፣ ጥምርታው 13.3 ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ከፍታ ግፊቱ 76፣ ጥምርታው 12.7 ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ካርቡሬተሮች ይህን በከፊል ያካክሱታል እንጂ አያጠፉትም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለባሕር ወለል ተመጥኖ በሙሉ መክፈቻ 13 እንዲሰጥ የተሠራ ካርቡሬተር መቂ ላይ 11.8 ይሰጣል። ይህ ከሚገባው በላይ የወፈረ ነው። የዚህ ሞተር ባለቤት ክፍት ማርሚታ አስገጥሞ ድብልቁ በ3 ወይም በ4 በመቶ ቢሳሳ እንኳ 12.2 ገደማ ይሆናል፤ አሁንም ወፍራም ነው። ትልቅ ጄት ቢያስገባ ግን የወፈረውን ይበልጥ ያወፍረዋል። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ምክር እንዳለ ተወስዶ በከፍታ አገር ላይ ሲሠራበት፣ ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ ቤንዚን የሚያባክን ሞተር ይገዛል ማለት ነው። የመቂ ሞተር ምናልባት የሚያስፈልገው በአንድ ደረጃ ያነሰ ጄት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አዲስ አበባ ላይ ለቆጣቢነት ተብሎ ጄቱ ተጠቦ 14.7 እንዲሰጥ የተደረገ ሞተር መቂ ሲደርስ 15.4፣ ከአዳማ አልፎ መተሐራ ሲወርድ 16 ይሆናል። በሞቃቱ ሜዳ ላይ ጭነት ተሸክሞ በሙሉ መክፈቻ ለሚሮጥ ሞተር ይህ እጅግ የሳሳ ድብልቅ ነው። ክፍት ማርሚታ ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ፒስተን ሲበሳ የሚወቀሰው ማርሚታው ይሆናል፤ ዋናው ተጠያቂ ግን ቁልቁለቱ ነው።

ኢንጀክሽን፦ ከፍታውን የሚያውቅ፣ በትዝታ የሚሠራ

በሞተር ሳይክል ላይ የኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ መርጫ አዲስ ነገር አይደለም፤ ካዋሳኪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዜድ 1000 ሞተር ሳይክሉ ላይ ለገበያ አቅርቦት ነበር። ወደ ትናንሾቹ ሞተሮች በስፋት የወረደው ግን የጭስ ብክለት ሕጎች ከጠበቁ በኋላ ነው። በሕንድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ የጸናው ደንብ የአገሪቱን አብዛኞቹን አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ካርቡሬተርን እንዲሰናበቱ አስገድዷቸዋል።

በዚህ ዓይነቱ ሞተር ነዳጁን የሚመጥነው ኢሲዩ ተብሎ የሚጠራው የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። በማኅደረ ትውስታው ውስጥ «ካርታ» የሚባል ሰንጠረዥ አለ። በአንዱ ጎን የሞተሩ ዙር፣ በሌላው ጎን የነዳጅ መስጫው መክፈቻ ተደርድሯል፤ በመገናኛቸው ላይ መርጫው ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ተጽፏል። ፋብሪካው ይህን ሰንጠረዥ የሞላው ሞተሩን ከነማርሚታው በመፈተሻ ማሽን ላይ እያሠራ፣ አየሩን እየለካ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኢሲዩ የአየር ግፊትና የአየር ሙቀት ሴንሰሮች ካሉት የመቂን ከፍታ ያውቃል፤ ነዳጁንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነገር ግን አብዛኛው የሞተር ሳይክል ኢሲዩ ወደ ሲሊንደሩ የገባውን አየር በቀጥታ አይለካም። «በዚህ ዙርና በዚህ መክፈቻ ይህን ያህል አየር ይገባል» የሚለውን ከካርታው ያስታውሳል እንጂ። ማርሚታው ሲለወጥ ትዝታው ከእውነቱ ይለያያል። አየሩ በ5 በመቶ ቢጨምር ድብልቁም በ5 በመቶ ይሳሳል፤ 13 የነበረው 13.65 ይሆናል። በአጭሩ ካርቡሬተር የአየሩን ፍሰት ይከተላል፤ እፍጋቱን ግን አያውቅም። ካርታ እፍጋቱን ያውቃል፤ አዲሱን ፍሰት ግን አያውቅም። የጥያቄያችን ቁልፍ ይህ ነው።

ለትዝታው እርማት የሚሰጥ አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም በጭስ ቱቦው ላይ የሚገጠመው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር የወፈረ ድብልቅ ሲያይ 0.9 ቮልት፣ የሳሳ ሲያይ 0.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ መሸጋገሪያውም 0.45 ቮልት አካባቢ፣ ልክ በ14.7 ላይ ነው። ኢሲዩ ይህን እያነበበ በዝግታና በተረጋጋ ጉዞ ጊዜ ነዳጁን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ስለዚህ በእነዚህ ጊዜያት ጥቂት በመቶ የሆነውን የማርሚታ ለውጥ ራሱ ያርመዋል። ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ግን የሚፈለገው ድብልቅ 13 አካባቢ ነው። ተራው ሴንሰር «ወፍሯል» ከማለት በቀር ስንት እንደወፈረ መናገር ስለማይችል፣ ኢሲዩ ምስክሩን ወደ ጎን ትቶ በካርታው ብቻ ይሄዳል።

ታዲያ ካርታው እንደገና ይጻፍን?

ከላይ የተመለከትናቸውን ነጥቦች አሰባስበን ሦስት ሁኔታዎችን እንለይ።

አንደኛ፣ የመጨረሻው ማርሚታ ብቻ ተለውጦ የፊተኛው ቱቦ፣ ሴንሰሩና የአየር ማጣሪያው እንደነበሩ ከቀሩ፣ ካርታውን እንደገና መጻፍ በአብዛኛው አያስፈልግም። በሙሉ መክፈቻ 13 የነበረው ወደ 13.5 ገደማ ቢሄድ ለሞተሩ አደጋ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ከቫልቩ ጀምሮ ያለው ቱቦ በሙሉ ከተለወጠና የአየር ማጣሪያውም በሌላ ከተተካ፣ ለውጡ ከ10 በመቶ ሊበልጥ ስለሚችል ካርታው መታረም አለበት። ይህ ማስተካከያ የሚሠራው ሞተሩ በመፈተሻ ማሽን ላይ ቆሞ፣ ጥምርታውን በትክክል በሚያነብ ሰፊ ክልል ያለው ሴንሰር እየተለካ ነው። ሳይለካ ከሌላ ሞተር የተቀዳ ካርታ የሌላ ሞተር ትዝታ ነው። የሙቀት ሴንሰሩን እያታለሉ ነዳጅ የሚያስጨምሩ ርካሽ መሣሪያዎችም በሁሉም ዙር ላይ በጭፍን ስለሚያወፍሩ ማስተካከያ ሊባሉ አይገባም።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ቱቦ የኦክስጅን ሴንሰሩ የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለው፣ ሞተሩ ብቸኛ ምስክሩን ያጣል። ይህን አለማድረግ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን መካኒኩ ሊያየው የሚገባው መጋጠሚያውን ነው። በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ክፍተት ካለ፣ በሞገዶቹ መካከል የሚፈጠረው መሳብ የውጭ አየር ያስገባል። ሴንሰሩም ያንን ኦክስጅን አይቶ «ሳስቷል» ይላል፤ ኢሲዩ አምኖት ያለ ምክንያት ነዳጅ ይጨምራል። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ከማርሚታው የሚሰማው የፍንጥቅጣቂ ድምፅም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው። በጥቂት ብር የሚገዛ ጋርኔዞን የሚፈታውን ችግር በኮምፒዩተር ለመፍታት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ያለ ኮምፒዩተር እንዴት እንመርምር?

መፈተሻ ማሽን በሌለበት ከተማም ሞተሩ የሚናገርበት ቋንቋ አለ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የተለመደውን ጭነት ተሸክሞ በቀጥታ መንገድ ላይ በሙሉ መክፈቻ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳ፤ ከዚያም ዝም ብሎ ወደ ሚኒሞ ሳይወርድ በአንድ ጊዜ ይጥፋ። ካንዴላው ሲወጣ የነጩ ሸክላ ቀለም ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደኅና ነው። በደረቅ ጥቀርሻ የጠቆረ ከሆነ ወፍሯል። የነጣ ወይም የተኮማተረ ከሆነ ሳስቷል፤ ሞተሩም አደጋ ላይ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሌላ ተሽከርካሪ በሌለበት መንገድ፣ የራስ ቁር ተደርጎ ነው።

ጄት መለወጥ ቢያስፈልግ ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ ተለውጦ እንደገና ይፈተሽ። በአንዳንድ ካርቡሬተሮች በጄቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳውን ወርድ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ያመለክታል። የቤንዚኑ ፍሰት የሚለወጠው በወርዱ ሳይሆን በስፋቱ ነው። ስለዚህ ከ110 ወደ 115 መሄድ የ4.5 በመቶ ጭማሪ ቢመስልም፣ ሁለቱን በካሬ ብናወዳድር ቤንዚኑን በ9 በመቶ ያሳድገዋል። ይህ መቂን ከባሕር ወለል የሚለያትን የከፍታ ውጤት ያህላል!

ስሌቱ የማይነግረን

ሞተሩ ደኅና ሆነ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። የዴሲቤል መለኪያ ሎጋሪዝማዊ ስለሆነ 10 ዴሲቤል የጨመረ ማርሚታ ወደ አካባቢው የሚለቀው የድምፅ ኃይል ዐሥር እጥፍ ነው። በሌሊት የሚያልፍ አንድ ሞተር ለባለቤቱ ደስታ ቢሆን፣ በመንገዱ ዳር ላለ ሕፃን፣ በሽተኛና ለፈተና ለሚያጠና ተማሪ ቅጣት ነው። ጭስ የሚያጣራ ካታሊስት በፋብሪካው ማርሚታ ውስጥ ካለም አብሮ ይወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልተቃጠለውን ሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ኦክሳይዱን የሚቀንስ አይኖርም።

የሚገኘውንም ጥቅም በሚዛን እናስቀምጠው። መቂ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በ18 በመቶ የሳሳ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል 10 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ 8 ገደማ ይሰጣል። ጥቂት በመቶ የሚጨምር ማርሚታ ከፍታው የወሰደውን አይመልስም። የጸዳ የአየር ማጣሪያ፣ በልኩ የተነፋ ጎማ፣ በጊዜው የተቀየረ ዘይትና ለከፍታው የተመጠነ ጄት ከዚያ የበለጠ ይመልሳሉ፤ ዋጋቸውም ያነሰ ነው።

እንግዲህ ለተጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን እነሆ። ማርሚታው ብቻ ከተለወጠ ካርታውም ሆነ ጄቱ በአብዛኛው አይለወጥም። ቱቦውና ማጣሪያው በሙሉ ከተለወጡ ለክቶ ማረም ግድ ነው። ባለ ካርቡሬተር የሆነ ደግሞ ከማርሚታው በፊት የሚኖርበትን ከፍታ ይጠይቅ። ምክር ከሩቅ አገር ሲመጣ ከስንት ሜትር ከፍታ እንደመጣ መጠየቅ ጥሩ የሳይንስ ልማድ ነው።

ራስዎን ይፈትኑ

1. የአየር ግፊቱ 70 ኪሎ ፓስካል በሆነበት ተራራ ላይ፣ በባሕር ወለል 14.7 የሚሰጥ ካርቡሬተር ስንት ይሰጣል?

2. የጭስ ቱቦው ከ80 ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢያጥር፣ በ6,000 ዙር ሞገዱ ደርሶ እስኪመለስ ክራንኩ ስንት ዲግሪ ይዞራል?

3. መቂ ላይ በሙሉ መክፈቻ 11.8 የሚሰጠውን ሞተር ወደ 13 ለማምጣት፣ 115 ቁጥር ያለው ጄት በስንት ቁጥር ቢተካ ይቀርባል?

መልስ፦ 1. 12.2 ገደማ፤ 2. 76 ዲግሪ ገደማ፤ 3. በ110 ገደማ።